አሥራ ዘጠኝ ነው አልኩ

ከችሎትና ከወንድሜ በቀር ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናገረው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሻይ ቤት አለኝ። ጎረቤቴ ዘይነባ ኢድሪስን ወልዳ በጠና ስትታመም፣ ከልጄ ከሐያት ጋር ጡቴን ያጠባሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ነው የተወለዱት። ዕድሜውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ይኸው ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከታናሽ ወንድሜ ከሰዒድ ጋር ተጣልቶ በጩቤ ወጋው። ሰዒድ ተረፈ፤ አንድ ኩላሊቱ ግን ወጣ። ኢድሪስ ጥፋቱን አመነ። የቀረው ክርክር ዕድሜው ነበር፤ የልደት ማስረጃ የለውም፣ ሐኪሙም ቁርጡን መናገር አልቻለም። ዘይነባ ችሎቱ በር ላይ እጄን ይዛ፣ "አንቺ አጥብተሽዋል፣ እውነቱን ብቻ ንገሪልኝ" አለችኝ። ገባሁ፣ ማልኩ፣ "አሥራ ዘጠኝ ነው" አልኩ። እያወቅኩ አልኩ። እንደ ትልቅ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ደስ አለኝ። ይህንን ደብቄ ምኑን ልናዘዝ?

ሐያት መታወቂያ ልታወጣ ስትነሳ፣ "እማ፣ እኔ አሥራ ስምንት የሞላኝ ገና አሁን ነው። ኢድሪስ እንዴት ቀደመኝ?" አለችኝ።  ያን ዕለት ለሰዒድ ነገርኩት። እሱም፣ "የወጋኝ ልጅ ነው፤ እንደ ልጅ ይቀጣ። ተነሽ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለኝ።

የኢድሪስ ይግባኝ ሰመራ እየታየ ነበር። ቀርቤ መዋሸቴን ስናገር ዳኛዋ፣ "ለምን ዋሸሽ? የወንድምሽ ነገር አናዶሽ ተሳስተሽ ነው?" አሉኝ።

"አልተሳሳትኩም። ልጁን ስለጠላሁት ነው። ዕድሜው ከልጄ እኩል ነው" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም። ቅጣቱ ተቀነሰለት። እኔም በሐሰት ምስክርነት ተከስሼ ታሰርኩ፤ አልተከራከርኩም፤ ጊዜዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ዘንድሮ ኢድሪስ ተፈታ። ከማረሚያ ቤቱ በር ተቀብሎ ያመጣው ሰዒድ ነው። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ኢድሪስ ሁላችንም ፊት የሰዒድን ጉልበት ይዞ፣ "አጥፍቻለሁ" አለ፤ ሰዒድ አነሳው። ሐያት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዘይነባ እኔን ስማ ወደ መሐል ሳበችኝ። እኔም እልል አልኩ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እንጂ ምክንያት አትፈልጉልኝ። ኢድሪስ ሲያጠፋ ልጅ ነበር። እኔ ግን አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነበርኩ።