ከቁርጭምጭሚት በታች

ላምባ በሸተተኝ ቁጥር የአንዲት ሴት ተረከዝ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ዛሬም እንደዚያው ሆነ። የልጅ ልጄ በሩን ሰማያዊ ቀለም ስትቀባ ውላ፣ ቀለሙ ከእጇ አልለቅ ቢላት ሳፋ ውስጥ ላምባ ጨምራ ትፈትግ ጀመር። ሳፋው የእናቴ ነው። ጠርዙ ተላልጧል፣ ቂጡም ተበይዷል።

«እማማ፣ ይሄ ነገር አርጅቷል፤ ልጣለው?» አለችኝ።

«እጅሽን ጣይው!» አልኳት። ደነገጠች። እሷ ምን ታውቃለች? ስሙኝ እንግዲህ፣ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እናቴ ሜኖናይት የሚባለው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነበረች። ያኔ ግን ስማችንን ማንም በወጉ አይጠራውም፤ ሰው ሁሉ «ጴንጤ» ነበር የሚለን፣ ሊሰድበን ሲፈልግ። እምነቱን ያገኘችው በወጣትነቷ የሚሲዮኖች ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሳለች ነው። በእነሱ ሥርዓት ከጌታ እራት በፊት ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ እግር ይተጣጠባል። አጣቢዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ተንበርክካ ታጥባለች። ከዚያ ትነሣና እሷ ደግሞ ተቀምጣ በተራዋ ትታጠባለች። ያጠበች ሳትታጠብ አትሄድም። ይህን ተራ ልብ በሉልኝ፤ የኔ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ደርግ ጸሎት ቤቷን ዘግቶ ሆስፒታሉንም ሲወርስ ሥራዋ አብሮ ቀረ። እኛን ይዛ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ወሎ ተመለሰች። ዝናብ ቀረ፤ አባቴ ሞተ። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከሌላው ሕዝብ ጋር በጭነት መኪና ታጭቀን አሶሳ ሰፈራ ተወሰድን። መኪናው ላይ አንዲት የአገራችን ሴት አጠገባችን ተቀምጣ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ የኛን ብርድ ልብስ ሳበችና አለበሰቻት። ስንደርስ ጎጇችን ጎን ለጎን ሆነ። ጎረቤታችን እያልኩ የምጠራት እሷን ነው።

የሰፈራው ሽታ እስካሁን አልጠፋኝም፤ ገና የተቆረጠ ቀርከሃ፣ ዝናብ የመታው ሣር፣ ቀይ አፈር። የሚታረሰው በጋራ፣ የሚበላው ከጋራ ወጥ ቤት ነበር። ሁላችንም ሳህን ይዘን እንሰለፋለን። የሰፈራው ካድሬ ንጉሥ ቢሆን፣ ጭልፋ የያዘችው ሴት ደግሞ ንግሥት ነበረች።

እኛ ደገኞች ሙጃሌ የሚባል፣ እግር ሥጋ ውስጥ የሚቀበር ተባይ አናውቅም። እግራችንን ሲበላን አፈሩ ነው ብለን አመድ እናሽበት ነበር። ለካስ ሙጃሌ የሚራባው አመድና አቧራ ውስጥ ኖሯል! ማንጎ ልትሸጥ የምትመጣ አንዲት የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ይህን ስታይ ቅርጫቷን አስቀምጣ በሳቅ ሞተች። «ሐበሻ ሙጃሌን ምሳ ጠራ!» አለች። ከዚያ እኔን እንደ ወንድ እየጠራች እግሬን ጭኗ ላይ አወጣችው። «አንተ ልጅ፣ አትፍራ። እይ፣ ነጭ ከረጢት አለ። ወላሂ፣ እሱ አታፍርጥ። ከፈረጠ ልጆቹ ይበተናል። ዙሪያውን በመርፌ ቀስ፣ ቀስ፤ ሙሉውን አውጣ። ቀዳዳው ላይ ላምባ ቀባ።» ጥሩ ተማሪ ሆንኩ። ቀለም ትምህርት እንኳ እንደዚያ አልገባኝም።

እናቴ በእሑድ ጠዋት ጥቂት ሴቶች ጎጇችን ሰብስባ፣ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ትዘምር ነበር። አንድ እሑድ ካድሬው ገባ። ወዲህ ወዲያ አላለም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጭድ ፍራሹ ሄደና መጽሐፍ ቅዱሷን ከሥሩ መዞ አወጣው። እዚያ መኖሩን የምናውቀው እኛና ጎረቤታችን ብቻ ነበርን። እናቴን ወስደው እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉባት። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ወጥ ቤቱ በር ላይ ጭልፋ ይዛ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው» አልኳት፣ ተሰልፌ ሳህኔን እንደያዝኩ።

«እኔ? አፌን ይያዘኝ! አንቺ ልጅ፣ ነገር አትፈልጊ» አለችና ንፍሮውን ጨመር አደረገችልኝ። ንፍሮውን መሬት ላይ ደፋሁት። በረሃብ ጊዜ ምግብ መድፋት ምን እንደሆነ የተራበ ያውቃል።

በዚያ ክረምት ወንድሜን ወባ ያዘው። እናቱን ሲጠራ አደረ። የመጋዘኑን ጠባቂ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ አልከፍትም አለ። ልጁ ሞተ። ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በመጋዘኑ የቀርከሃ ግድግዳ ስንጥቅ በኩል። አልጮኸችም። አንዲት ጣቷን በስንጥቁ አሾለከችልኝ፤ ያዝኳት። በቆሎ በቆሎ ትሸት ነበር። ሳትቀብረው ተቀበረ።

በጋ ሲገባ ለቀቋት። ጨለማው ዓይኗን አድክሞት፣ ጣቶቿም አብጠው ወጣች። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ወድቃለች። ማንም ሰው እጁን አላነሣባትም፤ አመዱ ነው የፈረደባት። ቀኑን ሙሉ ምድጃው ዙሪያ፣ አመድ ላይ ቆማ ስታድል ሙጃሌው ተረከዟን፣ ጣቶቿን፣ የጥፍሯን ሥር ሁሉ ወረሰው። መቆም ሲያቅታት ካድሬው ጭልፋውን ለሌላ ሰጠባት። ጎጆዋ ተጋድማ ስታቃስት እንሰማ ነበር፤ ሽታው እኛ ዘንድ ይደርሳል። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ?

እናቴ ግን ውሃ አሞቀች። ሳፋውን፣ መርፌውን፣ ላምባውን ይዘሽ ተከተይኝ አለችኝ። ሙጃሌ ልናወጣ ነው ብዬ ተከተልኳት። ጎጆው ገብታ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ ስትታጠቅ ነው ነገሩ የገባኝ።

«እማዬ! እሷን?»

«ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል።»

«ይሁዳስ ሄዶ ታነቀ። ይቺ ጭልፋ ነው የጨበጠችው!»

እናቴ ተንበርክካ ያንን የሚሸት እግር ሳፋው ውስጥ አስገብታ ባበጡ ጣቶቿ ታሸው ጀመር። ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች። እናቴ እግሩን አድርቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እኔ አይታየኝም። አንቺ አውጪላት» አለች።

እንግዲህ አስቡት። የወንድሜ ጠላት ተረከዝ ጭኔ ላይ ነው፤ መርፌው በእጄ ነው። መውጋት እችል ነበር። ከረጢቱን አፈርጥባት፣ እግሯ ይመግልና ዕድሜዋን ሙሉ ታነክስ ነበር። አላደረግኩትም። ሥራ ማበላሸት አልወድም። ግን መርፌውን ነጠላዬ ላይ ሰካሁትና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«ማን ነው ለካድሬው የነገረው?»

«ምኑን?»

«የመጽሐፉን ቦታ።»

«ተይ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ።

«አልተውም። እኔ በደሏን አልጨመርኩም፣ እሷም አትቀንስ። ትናገርና አወጣላታለሁ።»

ውጭ ቀርከሃው በንፋስ ሲንቋቋ ይሰማል። ሴትዮዋ «እኔ ነኝ» አለች። «ጭልፋው ላንቺ ነው አለኝ። ርቦኝ ነበር። ልጁ ይሞታል ብዬ... እኔ ነኝ።»

እናቴን አየኋት። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። «አውቄዋለሁ» አለች። «ከመጋዘኑ ስወጣ አይደለም፤ ካድሬው ፍራሹን ሲያነሣ ነው ያወቅኩት። በይ ልጄ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ቀጥይ።»

ሁሉንም አንድም ሳላፈርጥ አወጣሁ። ላምባ ቀባሁላት። ስጨርስ ሴትዮዋ ከመደቡ እየተንፏቀቀች ወረደችና እጇን ወደ እናቴ እግር ዘረጋች። ተራው የሷ ነበራ። እናቴም ልትቀመጥላት ጎንበስ አለች። ያኔ ሳፋውን አነሣሁና ውሃውን በሩ ላይ ደፋሁት።

«ውሃ አልቋል» አልኩ።

በቀሌ ያ ነው። ደርግ ወድቆ የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ስንሠራ ጎረቤታችንም አማኝ ሆና መጣች። እግር የምንተጣጠብበት ቀን በደረሰ ቁጥር ወደ እናቴ ትጠጋለች፤ እኔ ቀድሜ እናቴ እግር ሥር ቁጭ እላለሁ። ነጠላዬን ከቤት ታጥቄ ነበር የምመጣው። ስንት ዓመት! ሴቶቹ «ምነው እናትሽን ለሰው አትለቂም?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እናቴ አንድ ቀን ራሴን በእርጥብ እጇ ዳበስ አድርጋ፣ «አንቺ እግሬን መቼ አጠብሽው? አሰርሽው እንጂ» አለችኝ።

አያት ከሆነች በኋላ ማታ ማታ የልጆቼን እግር በዚያው ሳፋ ታጥብ ነበር። ዓይኗ ስለማያይ ሙጃሌ በጣቷ ትፈልጋለች። ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሟቹ ወንድሜ ሁለተኛዋ ጣቱ ከአውራ ጣቱ ትረዝም ነበር፤ አንዱ ልጄም እንደዚያው ነው። የሱን እግር ስትይዝ እጇ ይቆያል። አይቻታለሁ።

የሞተችው ማንጎው ሲበስል ነው። ሴቶች ሆነን ገላዋን ልናጥብ ስንዘጋጅ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ በዱላ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ። ሴቶቹ እኔን አዩኝ። ልዘጋባት እጄ በሩ ላይ ነበር።

እናቴ አጥባታለች፤ እሷ ግን እናቴን አላጠበችም። የሰው ተራ ይዞ ማስቀረት ከዚያ በላይ አይሆንልኝም። የከለከልኳትም እኔ እንጂ እናቴ አልነበረችም።

«እግሯን ብቻ» አልኳት። «ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዳትነኪ።»

ወደ መሬት ወርዳ እንድትንበረከክ ዱላዋን ያዝኩላት። የእናቴን እግር በሁለት እጇ ይዛ አጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ይቅር አላልኳትም፤ አሁንም አላልኳትም። ውሃው ግን ቀዝቅዞ ነበር። ሙቅ ጨመርኩላት።