እንፋሎቱን ማን ሳይዘጋው ቀረ

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያን ጊዜ ከእኔ በላይ ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም ነበር። አቃቂ ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማቅለሚያ ማሽኑን የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ቀዩን ማቆሚያ ሲጫን ለፕሮግራሙ «አቁም» የሚል ሲግናል ይደርሰዋል፤ እሱም ሰዓቱን ይመዘግባል፣ የእንፋሎቱን ቫልቭ ይዘጋል፣ ይወጣል። በቃ። ሁለት ዓመት ኮሽ ሳይል ሠራ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ቫልቩ ሳይዘጋ ቀረና አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ተበላሸ። ማሽኑ ላይ የነበሩት እትዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እዚያው ፋብሪካ ስለጨረሱ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው። ቀደም ሲል አርፍደው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ነበርና አሁን ጥፋተኛ ከተባሉ ስንብት ነው። ማቆሚያውን በጊዜው ተጭኛለሁ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ መዝገቡ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። መዝገቡ ላይ ስለ ማቆሚያው ምንም የለም። እኔ ጉደኛው አፌን ሞልቼ፣ «ማሽን አይዋሽም፤ አልተጫኑም» አልኩ። እትዬ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ውሳኔው ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ማሽኑን ልፈትሽ ሄጄ እትዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። የፈረቃ ኃላፊው ከወዲያ ጠራቸው። «መጣሁ» አሉ፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። የያዙትን የጨርቅ ጫፍ ከሚቀጥለው ጋር ሰፍተው ጨረሱ፣ መቀሱን ቦታው መለሱ፣ ከዚያ ሄዱ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኛ ዘንድ «መጣሁ» ማለት ሰምቻለሁ ማለት እንጂ ተነስቻለሁ ማለት አይደለም። ሲመለሱ ወዲያው ያልሄዱበትን ምክንያት ጠየቅኳቸው። «ጥዬው ብሮጥ ማን ይጨርስልኛል?» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የእኔ ፕሮግራም ሲጠራ የያዘውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ሲግናል ደግሞ ጊዜ አይመርጥም።

እሑድ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ የ«አቁም» ሲግናሉን ለፕሮግራሙ ደጋግሜ ላክሁበት። ሺህ ጊዜ በሰላም ወጣ። ረፋድ ላይ ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ በየጊዜው የማሽኑን ሙቀት ሲመዘግብ ሌላ እንዳይነካበት መዝገቡን ቆልፎ ነው፤ እየጻፈ ሳለ ሲግናሉ ያቋርጠዋል። ሲግናሉን የሚቀበለው ኮዴም እዚያው መዝገብ ላይ ሊጽፍ፣ መዝገቡ እስኪከፈት ይጠብቃል። የቆለፈው ደግሞ ያ የተቋረጠው ሥራ ራሱ ነው፤ ማን ለማን ይክፈት? ቫልቩ መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ እንዲዘጋ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው።

ማስተካከሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ሲግናል ሲመጣ ኮዱ «ተጠርተሃል» የሚል ምልክት ብቻ አስቀምጦ ይመለሳል። ዋናው ሥራ የጀመረውን ይጨርስና ምልክቱን ሲያይ መጀመሪያ ቫልቩን ይዘጋል፣ ከዚያ መዝገቡን ጽፎ ይወጣል። የከበደኝ ሰኞ ነው። አፍሬ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፊት ላፕቶፔን ከፍቼ የድሮው ፕሮግራም ሲደርቅ አሳየሁት። «እሳቸው ተጭነዋል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ብዙ ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። የስንብቱ ደብዳቤ ግን ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬን ተከትዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ስህተትማ የማንም ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ያን ዕለት አላውቅም ብትል ምን ነበረበት? ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቼን ቀና ብዬ አላየሁም።»