ሰባትና አምስት ዓሣ

በ1978 ዓ.ም. አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤቴ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሥራዬ አናጺነት። የሚስቴ የእህቷ ልጅ እኛ ቤት ሆና ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። እኛ አልወለድንም፤ ልጃችን እሷው ነበረች።

የምትማረው ስለ ዓሣ ነው። ስንት የሚማሩት ነገር እያለ ዓሣ! እኔ የማውቀው ዓሣ ሁለት ነው፤ ቅርፊት ያለውና የሚበላው፣ ቅርፊት የሌለውና የማይበላው። አንድ ቅዳሜ በሁለት ባልዲ ጣት ጣት የሚያክሉ ዓሣዎች ይዛ ከች አለች። ሰባቱ ከወንዝ፣ አምስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ምንጭ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ለዓይን የላቸውም፣ ጋሼ። ዘራቸው ግን የተለያየ ይመስለኛል።»

«ዓሣ ዓሣ ነው።»

«የዓሣ እርባታ ሰዎች ምንጩ ውስጥ የሐይቅ ዓሣ ሊለቁበት ነው። እነዚህን ይጨርስልዎታል። ከወንዙ ዓሣዎች ጋር አንድ ከሆኑ ማን ይጨነቃል? የተለዩ ከሆኑ ግን ከዚያ ምንጭ በቀር የትም የሉም። ሰኞ በደማቸው ማሳየት አለብኝ።»

ደሙን እንደ ረጋ አጥሚት ያለ ነገር ላይ ጠብ አድርገው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል አለችኝ። ከእናት ካባት የወረሱት ነገር እየተጎተተ መስመር ይሠራል፤ የአንድ ዘር የሆኑት መስመራቸው እኩል ይቆማል።

«እኛ እንኳ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ሽማግሌ ነው የምንጠይቀው።»

«ዓሣ ሽማግሌ ከየት ያምጣ፣ ጋሼ?»

እሑድ ሁለታችን ቀበሌ ስብሰባ ሄድን፤ መቅረት የለም። ሚስቴ እግሯን አሟት ስለነበር ቤት ቀረች። ስንመለስ ሁለቱ ባልዲዎች ታጥበው አጥሩ ላይ ተደፍተዋል። ዓሣዎቹ በሙሉ የልብስ ማጠቢያው ባኞ ውስጥ ናቸው፤ ላያቸው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ተንሳፍፏል።

«እትዬ! ምን አደረጉ?»

«አምስቱ ጥግ ይዘው ሲተክዙ አሳዘኑኛ!» አለች ሚስቴ። «እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት መጥቶ ለየብቻ ይበላል እንዴ? እኔ ቤት ነውር ነው። ይኸው አንድ ላይ ሲሆኑ በሉ።»

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሚስቴም ያጠፋችው ነገር ሲገባት አብራ ታለቅስ ጀመር። እኔ በሁለት አልቃሽ መሀል ባኞው ሥር ቁጢጥ ብዬ ልለያቸው ታገልኩ። ጉንጫቸውን አየሁ፣ ጅራታቸውን አየሁ። ወይ ፍንክች! ሁሉም አንድ ናቸው።

ተናደድኩ። «አንቺ ልጅ፣ ደም ይለያል ብለሽ የለም? እንግዲያ ይለያ!»

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ይለያል፣ ጋሼ። ካልለየም እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የቱ ከየት እንደመጣ ስለማላውቅም ማንም አድልተሻል አይለኝም።»

ሰኞ ሁሉንም ይዛ ሄደች። ከጅራታቸው ጠብታ ደም እየወሰዱ፣ እያንዳንዱን በየብርጭቆው ለይተው አስቀመጡ። ሚስቴ እስኪታወቅ ድረስ እህል አልቀመስ ብላ አስቸገረችኝ።

ሮብ ማታ ልጅቷ እንደገባች አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ሰባትና አምስት! መስመሩ ራሱ ሰባትና አምስት አድርጎ ከፈላቸው! አስተማሪያችን ነገ እኔው ራሴ ሄጄ ምንጩን እንዳትነኩ እላቸዋለሁ አሉ።»

«ማን ቀላቀላቸው አላሉሽም?» አለች ሚስቴ።

«ብለውኛል። አክስቴ ናት፣ እንግዳ ለየብቻ ማብላት አትወድም አልኳቸው። ሳቃቸው አልቆም አለ።»

ዓሣዎቹ እንደገና በሁለት ባልዲ ገብተው መጥተዋል። ሚስቴ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከሩቅ ሆና አየቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዬን ትቼ አምስቱን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትኬት ቆራጩ ባልዲውን አይቶ «አባባ፣ ጥብስ ነው ወጥ?» አለኝ። «ዘመዶቼ ናቸው፤ አገራቸው ላደርሳቸው ነው» አልኩት። ምንጩ ዳር ተንበርክኬ ባልዲውን ቀስ ብዬ አዘነበልኩ፤ ሚስቴ በመሐረብ ቋጥራ የሰጠችኝንም የዳቦ ፍርፋሪ በተንኩላቸው።