ከቢቸና የመጡት መኪናዎች

በደርግ ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተዛውሬ ሳስተምር፣ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጥሩወርቅ «ልጄ፣ ዕቃህ ይኸው ብቻ ነው?» አሉኝ። «መኪናዎቼ ቢቸና እህቴ ዘንድ ቀርተዋል» አልኳቸው። መዳፍ የማይሞሉ መሆናቸውን ግን አልነገርኳቸውም።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ትርፍ ቤት በሚወረስበት ዘመን ብዙ መኪና ያለው መምህር ተገኘ ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርተው «መኪናዎቹን ይዘህ ቅረብ!» አሉኝ። ትናንሽ አምሳያዎች ናቸው ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ቢቸና ሄጄ በጫማ ካርቶን ይዣቸው ቀረብኩ።

መርከበኛ አጎቴ ከየወደቡ እያመጣልኝ የሰበሰብኳቸው፣ የታወቁ የእሽቅድምድም መኪናዎች አምሳያ ናቸው። በራቸው ይከፈታል፤ መሪያቸው ሳይቀር አለ። ሊቀመንበሩ አንዱን አንስተው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጥርጣሬ አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የውድድር ቁጥር ነው። እውነተኞቹን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሲነዷቸው ያድራሉ።»

«ነድተው የት ይደርሳሉ?»

«የተነሱበት ቦታ።»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ወርቁ ተፈልጎ ያሳስር ነበር።  ሊቀመንበሩ አጠገባቸው የቆመውን የአብዮት ጠባቂ «ውጭ ቆይ» ብለው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። 

እሳቸው ግን መሬት ላይ ተንበርክከው ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን አሰለፉና ቀና ብለው «ቀዩ የኔ ነው» አሉኝ።