ለሽምግልና የተሻገርን ዕለት

ባለፈው ሰሞን ሎንደን ውስጥ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ካለች ፀጉር ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ያ ሳቅ መጣ። የሰው ሳቅ ነው፣ ሳቂዎቹ ግን አይታዩም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀምረው በአንድ ጊዜ ያቆማሉ። ቀና ብዬ ሳይ፣ በአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ባልና ሚስቶች ወገብ ይዘው ይጨቃጨቃሉ። በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እያየሁት ያደግኩት አሮጌ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ «ይኼ ነገር እስካሁን አለ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሰው በኮሜዲ ይደነግጣል? እኔ እደነግጣለሁ።

ያኔ የምንኖረው ዊልስደን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የካውንስል ሕንፃ፣ ያው እንደ አገር ቤቱ የቀበሌ ቤት በሉት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ፤ በራችንን ስንከፍት ደግሞ ፊት ለፊት ጋሽ መኮንንና እትዬ ስንዱ። ካውንስሉ ሁለት የሐበሻ ቤት በአንድ ደረጃ ላይ ያገናኘው አስቦበት አይመስለኝም፣ ለእኔ ግን አስቦበት ቢሆን ኖሮ ከዚያ የተሻለ አያደርግልኝም ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው የሁለቱም ቤት ልጅ ሆኜ፣ እዚህ በልቼ እዚያ ጣፋጭ እየበላሁ፣ እናቴ ስትቆጣኝ ተሻግሬ እትዬ ስንዱ ጉያ እየተወሸቅኩ አደግኩ። የእነሱ ቤት ጭቅጭቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ሻይ ቀጠነ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ጫማ መተላለፊያ ላይ ተወረወረ፣ ብቻ የሚያጣላ አይጠፋም። የእኛ ቤት ግን ጸጥ ያለ ነበር። አባቴ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሆነ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ እናቴም የሚላትን ሁሉ ሰምታ «እሺ» ትል ነበር። የሚያውቀን ሁሉ የአባቴንና የእናቴን ትዳር እያነሳ ሲያደንቅ እየሰማሁ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል እኮራ ነበር።

የፓርኩ ቅጠል ረግፎ መንገዱን ሲሸፍንና ቀኑ በጊዜ መምሸት ሲጀምር፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሦስታችንም ወደ ማዶ እንሻገር ነበር፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ያለው እነሱ ጋ ነዋ። ኮሜዲው ሲጀምር እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። «አሁን ምን አለው?» «ጽጌረዳዬን ለምን ቆረጥክ አለው።» «ያኛውስ?» «አጥሬን አልፎ መጣ አለ።» ወዲያው ሚስቶቹ ይገባሉ፣ ሚስት ከሚስት ጋር ባልም ከባል ጋር ይቧደናል፣ ያ የማይታይ ሕዝብ ይንጫጫል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታርቀው አብረው ሲጠጡ ያልቃል። አባቴን ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያበሳጨው ነበር።

«ሽማግሌ የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?» ይላል።

«ፈረንጅ ምን ሽማግሌ አለው? ራሱ ይጣላል፣ ራሱ ይታረቃል» ይላሉ ጋሽ መኮንን።

«ታድለዋል» ይላሉ እትዬ ስንዱ፣ ባላቸውን በጎን እያዩ።

«ይኼ እርቅ አይባልም፣ ጋሼ። ሰው መሐል ሳይገባ ምን እርቅ አለ? ያው ነገ መልሰው ይጣላሉ።» እውነትም በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሰው ይጣሉ ነበርና፣ አባቴ እጁን ዘርግቶ «አላልኳችሁም?» ሲል ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። እናቴ ብርቱካን እየላጠች ታድለናለች። እሷም ትስቅ ነበር፣ እኔ ስትስቅ ነው የማስታውሳት።

ብርዱ ጠበቅ ሲል የኮቱ ነገር መጣ። እትዬ ስንዱ አንድ ቡናማ ኮት ነበራቸው፣ ከአገራቸው ሲወጡ ለብሰውት የመጡት፣ ክንዱ የሳሳ፣ አንድ ቁልፉ የማይመሳሰል። ጋሽ መኮንን ሚስቴ በረዳት ብለው አዲስ ወፍራም ኮት ገዝተው፣ ልብስ መስቀያው እንዳይጣበብ ደግሞ አሮጌውን አጣጥፈው ዋናው መንገድ ላይ ላለው ቻሪቲ ሾፕ፣ ያገለገለ ልብስ ለበጎ አድራጎት ለሚሸጠው ሱቅ፣ ሰጡት። ለሚስታቸውም አልነገሩም፤ አዲሱን ስታይ አሮጌው ትዝ አይላትም ብለው ነው መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ስንዱ ገበያ ወጥተው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲደርሱ፣ አንዲት የማያውቋት ሴትዮ ኮታቸውን ለብሳ፣ በኪሱ እጇን ከታ ቆማለች።

የዚያን ቀን ሕንፃው ተናወጠ። በራችንን ከፍቼ ሳይ፣ ጋሽ መኮንን በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተባርረው ቆመዋል፣ እትዬ ስንዱ በሩን በግማሽ ይዘው ይጮሃሉ።

«ከአገሬ ይዤው የወጣሁት እሱን ብቻ ነው። እናቴ አልብሳ የሸኘችኝ እሱን ነው። ማን ስጥ አለህ? ጠይቀኸኛል?»

«አዲስ ገዛሁልሽ እኮ፣ ስንዱ። ለበጎ ብዬ ነው።»

«አዲሱን አንተ ልበሰው።»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። የሚገርመው፣ እኔ ሳቁን እጠብቅ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ አሁን ይስቃል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል ብዬ በጉጉት ስጠብቅ፣ ማንም አልሳቀም፤ ጋሽ መኮንን ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ሲቆሙ አየሁና ደንግጬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ መነጋገር አቆሙ። እትዬ ስንዱ አዲሱን ኮት አልነካም ብለው በብርድ በሹራብ ይወጡ ነበር፤ ለእናቴም ማንችስተር ያለችው እህታቸው ጋ ጠቅልለው ሊሄዱ እንደሆነ ነገሯት።

አባቴ ይኼን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱ ሦስት ሽማግሌ ይመርጣል፣ ሽማግሌዎቹ ገብተው ሁለቱንም ለየብቻ ያናግራሉ፣ ያጠፋውን ይወቅሳሉ፣ መጨረሻ ላይ «ስለ እኛ ብላችሁ» ብለው ያስታርቃሉ። «እዚህ ሦስት ሽማግሌ ከየት ይመጣል?» አለ። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብንጠራ ደግሞ ገመናቸው ሎንደንን ይዞራል። እኔና አንቺ እንገባለን።»

«እኔን ተወኝ» አለች እናቴ። «አንተ ሂድ።»

«ሴቷን ማን ያናግራት? ባልና ሚስት ሆነን ስንገባ ደግሞ ያምርበታል።»

«እሺ» አለች።

ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆነው ለሽምግልና እንደማይገቡ ያወቅኩት አድጌ ነው። ያኔ ግን አባቴ ከረባት አሥሮ፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ እኔም ተከትያቸው ተሻገርን። ቅዳሜ ስለነበር ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ጋሽ መኮንን ድምፁን ብቻ አጠፉት። እኔ እንደ ወትሮዬ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተናገረ። ጋሽ መኮንንን «ሳይጠይቁ የሰው ዕቃ መስጠትዎ ጥፋት ነው» አላቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «አጥፍቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ ስንዱ ዞረ።

«እትዬ ስንዱ፣ እርስዎም ይተዉት። በኮት የተነሳ ትዳር አይፈርስም። እስቲ እኛን ተመልከቱ። ይኼን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ አንድ ቀን ድምፃችን ከበር ወጥቶ ሰምታችኋል?»

«አልሰማንም» አሉ ጋሽ መኮንን። «እሱ እውነት ነው።»

«ያልሰማችሁት እኔ ዝም ስለምል ነው» አለች እናቴ።

አልጮኸችም። ብርቱካን ብሉ በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው። አባቴ የቀለደች መስሎት ፈገግ አለና ፊቷን ሲያይ ፈገግታው እዚያው ቀረ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወደዚህ ሳንመጣ፣ ብሪክስተን ሳለን የነርስ ትምህርት ጀምሬ ነበር። ሰው ነበረኝ፣ ልጄን የምትይዝልኝ ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ቁልፍ ይዘህ መጣህና ዊልስደን ቤት ተሰጥቶናል፣ ልንገባ ነው አልከኝ። አፕላይ ስታደርግ ጠይቀኸኛል?»

«ለእናንተ ብዬ ነው እኮ። እዚያ እኮ ተጣበን ነበር።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው፣ ሁልጊዜ ለእኔ ብለህ ነው። እትዬ ስንዱ ለኮታቸው ጮሁ። እኔ ትምህርቴን ስትነሳኝ ሻንጣ አሠርኩልህ።» ከዚያ ወደ እትዬ ስንዱ ዞራ «እትዬ፣ አይተዉት። ይጩሁበት» አለቻቸው። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ደረጃውን ተሻግራ ቤታችን ገባች፣ በሩንም እንደ ልማዷ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የዚያች ቅጽበት ድንጋጤ እስካሁን ከላዬ አልወረደም። እናቴ እንደዚያ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሌላ ሴት በእሷ አፍ የተናገረች መሰለኝ። አባቴን አየሁት። አፉ ከፈት ብሎ፣ ከረባቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ መጥፎ ዜና እንደተነገረው እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ከኋላው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ ድምፅ ሳይኖራቸው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ስንት ቀን ወዳላናገሯቸው ባላቸው ዞረው፣

«ምነው ቁጭ አልክ? ተነስ እንጂ» አሏቸው።

«አብረን እንሂድ እንጂ፣ ስንዱ። እኔ ብቻዬን ምን እላታለሁ?»

ሁለቱም ተያይዘው ወደ እኛ ቤት ሄዱ። የኮቱ ጠብ እዚያው አለቀ፣ ማንም ልብ ሳይለው።

ቀኑ ረዝሞ የሕንፃው ግቢ ዛፍ ሲያብብ፣ አስታራቂዎቹ እነሱ፣ ተጣዮቹ እኛ ሆነን ነበር። ጋሽ መኮንን አባቴን ይዘውት ፓርክ ለፓርክ ይዞራሉ፣ እትዬ ስንዱ አዲሱን ኮት ለብሰው የእኛ ሳሎን ተቀምጠው እናቴን ይለምናሉ። አባቴ ላገኘው ሁሉ «ምን አድርጌያት ነው?» ይል ነበር፣ እኔንም ጭምር። በመጨረሻ የፈራቸውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ራሱ ጠርቷቸው መጡ። እናቴ በአክብሮት አስተናግዳ፣ ለሁሉም ሻይ ቀድታ፣ «ተቀይሜ አይደለም፣ አባቶቼ። ደክሞኝ ነው» ብላ መለሰቻቸው። እኔ ታርቀው ያበቃል እያልኩ እያንዳንዷን ቅዳሜ እጠብቅ ነበር።

ሰመር፣ የፈረንጁ በጋ፣ ሲገባ አባቴ ሼፈርድስ ቡሽ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። ሻንጣውን ያሠረችለት እናቴ ናት፣ ሸሚዞቹን ተኩሳ፣ ካልሲውን ጠቅልላ። ጋሽ መኮንን ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ተሸከሙለት። ማንም አልጮኸም፤ እኔ ግን አንዳቸው እንኳ አንድ ነገር ቢሰብሩ ብዬ እየተመኘሁ፣ በሁለቱም ዝምታ ክው ብዬ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እኔም እናቴም ቦርሳ ይዘን በአንድ አውቶቡስ መሄድ ጀመርን፣ እኔ ወደ አንደኛ ደረጃ፣ እሷ ወደ ኮሌጅ። ነርስ ሆነች፣ ጥሩ ነርስ።

ጋሽ መኮንንና እትዬ ስንዱ ዛሬም እዚያው ናቸው። ስደውል ስልኩን እየተነጣጠቁ፣ አንዱ ያለውን ሌላው «ውሸቱን ነው» እያለ ያናግሩኛል። አባቴ አርጅቷል፣ ብቻውን ነው፣ እሁድ እሁድ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። በቀደም ምሳ በልተን ሳህኑን ሳነሳ፣ «ያን ቀን ለሽምግልና ባንሄድ ኖሮ፣ እናትሽ ትነግረኝ ነበር?» አለኝ።

ይኼን ጥያቄ ይኼን ሁሉ ዘመን ይዞት ኖሯል ማለት ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባዬ። እሷን ጠይቃት።»

«እሷን?» አለና ቀና ብሎ አየኝ፣ ያን ዕለት ያየሁት ፊት ነው። «እሷንማ እንዴት አድርጌ እጠይቃታለሁ?»

ሳህኑን አጥቤ፣ ግንባሩን ስሜው ወጣሁ። በልጅነቴ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ሰላም ያለበት ቤት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፣ ባለቤቴም እንደ እናቴ ጭምት ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ዝም ይላል። «ምን ሆነሃል?» እለዋለሁ። «ምንም» ይላል። ድስቱን ከእሳት አውርጄ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ እስኪናገርም አልነሳም።