ሰማይ የተከለከለ ስልክ

ዲላ ገበያ አጠገብ መጋረጃ የምትሰፋው ድንቅነሽ አንዲት አሮጌ ቪትዝ መኪና ስትገዛ፣ ቤቷ ላይ አንድ ትንሽ ሳሎን የጨመረች ያህል ነበር የተሰማት። ወንበሮቹን ወይን ጠጅ ከፋይ አለበሰቻቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ዳንቴል ዘረጋች። ከፋዩን ፀሐይ እንዳያነጣው ደግሞ የጎንና የኋላ መስታወቶቹን በሙሉ፣ የፊቱንም የላይኛውን ክፍል፣ ቲንት የሚባለውን ብርማ ስስ ላስቲክ ለጠፈችባቸው። ስልኳም አልቀረም። ፀሐይ ላይ እየጋለ ስላስቸገራት፣ ስክሪኑ ብቻ የሚታይበት ኪስ ሰፍታ፣ ለውስጡ የዱቄት ወተት ከረጢት ብርማ ልባስ ገበር አድርጋ፣ የፊት መስታወቱ አናት ላይ ሰቀለችው።

ጎረቤቶቿ መኪናዋን ባዩ ቁጥር «ድንቄ፣ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው?» ይሏታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ቁም ነገር ጫነች። ታናሽ ወንድሟ ታዲዮስ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን ሔርሜላን ሊያገባ ፈልጎ፣ ከጨለለቅቱ ማዶ ሬኮ ቀበሌ ለሚኖሩት ለልጅቷ አባት ለአቶ መልከጼዴቅ ሽማግሌ መላኩ ነበር። ልጅ ሲጠየቅ ጠያቂው ራሱ አይሄድምና መሪውን እህቱ ያዘች። አጠገቧ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ዘነበ፣ ከኋላ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ጎሹ ተቀመጡ።

ጭንቁ አቶ መልከጼዴቅ ናቸው። ለአንድ ልጃቸው ስለሚሳሱ፣ ሽማግሌ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ከሰሙ ሞተር ሳይክላቸውን አስነስተው ይሰወራሉ። ቤቱ ያልተገኘ አባት እሺም እምቢም ሊል አይችልም፤ ከዚህ በፊት የመጡ ጠያቂዎችን ያሰለቹት በዚሁ ዘዴ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው የሰው ቤት የሚያፈላልጉ ሁለት ሽበታሞችን ያየ የሬኮ ሰው ደግሞ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ወሬውም ከመኪና ይፈጥናል። ስለዚህ መንገድ መጠየቅ ክልክል ነው። ሔርሜላ የቤታቸውን ቦታ በስልክ ልካለች፤ ካርታው ይመራቸዋል።

ይርጋ ጨፌን ሲያልፉ ካርታው ላይ ያሉበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ አሁንም ዲላ ገበያ ውስጥ ቆማለች። ከስልኩ የምትናገረው ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች ልጅቷ?» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«ተመለሱ ነው የምትለው።»

«ሽማግሌ ከመንገድ አይመለስም በያት።»

እስከ ጨለለቅቱ በልማድ ነዱ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ እንሰትና ቡና ውስጥ ገብቶ ሁለት ሆነ። ድንቅነሽ በግምት ወደ ግራ ታጠፈች፤ መንገዱም ወስዶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ጣላቸው። በእንጨት የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ። ጋሽ ዘነበ መስታወቱን ማውረድ ጀመሩ።

«እነዚህን ልጆች ብጠይቃቸውስ?»

«ጋሼ! በእግዚአብሔር! አፍ አውጥተው ሊጨርሱን?»

ወደ ኋላ እየነዳች ወጣችና ዛፍ ጥላ ሥር ቆመች። ጋሽ ጎሹ ሰዓታቸውን አዩ። «ሰውዬው አሁን ቁርሱን ጨርሶ ሞተሩን ሊያስነሳ ይሆናል» አሉ። ሌላ ማለት አላስፈለጋቸውም።

ድንቅነሽ የስፌት መኪና ክር ሲዘልባት ሁሉንም በአንዴ አትነካካም። መርፌውን ትቀይርና ትሞክራለች፤ ካልሆነ ክሩን ታላላለች፤ ደግማ ትሞክራለች። ስልኩንም እንደዚያው ልትመረምረው ቆረጠች።

ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው እጅግ ሩቅ ሰማይ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ምልክቱ እዚህ ሲደርስ እንደ ሹክሹክታ የደከመ ነው፤ የሚደንቀውም ያ ሹክሹክታ አንድን ሰው ከደጃፉ ማድረሱ ነው። ግን ስልኩ በአንድ ጊዜ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ድምፅ መስማት አለበት። በመካከል ብረት ነክ ነገር ከገባ ይታፈናል፤ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ቅጠልም ያደክመዋል። መስማት ሲያቅተው ወይ መጨረሻ ያወቀው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ወይ በቅርቡ ካለው የኔትወርክ ማማ ተነስቶ ይገምታል።

መጀመሪያ ስልኩን ከኪሱ አወጣችው። ነጥቧ ከዲላ ዘልላ ጨለለቅቱ ገባች።

«ደረስን!» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«ካለፍነው ቆየን እኮ» አሉ ጋሽ ጎሹ ከኋላ።

ቀጥላ መኪናዋን ከዛፎቹ ሥር ወደ ገላጣ ቦታ አወጣችና ጥቂት ታገሠች። በነጥቧ ዙሪያ ያለው ፈዛዛ ክብ፣ ስልኩ «እዚህ አካባቢ ሳልሆን አልቀርም» የሚልበት ክብ፣ ጠበብ አለ። በሦስተኛው ሙከራ ስልኩን በመስኮት ወደ ውጭ ዘረጋችው፤ ክቡ ተሰብስቦ ነጥቧ ልክ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ወደ ውስጥ ስትመልሰው ክቡ እንደገና ሰፋ። አወጣችው፤ ጠበበ። አስገባችው፤ ሰፋ።

ቀና ብላ ብርማውን ቲንት አየችው። ስልኩ ሰማይ የሚያየው በዚያ በኩል ነበር፤ የራሷ እጅ ደግሞ ብረት ነክ መጋረጃ ጋርዶበታል።

«ከፋዬ ይነጣል» አለች ለራሷ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ምንም ጋሼ። ወንድሜ ሚስት አጥቶ ከሚነጣ ከፋዬ ይንጣ።»

የፊት መስታወቱን ቲንት ጫፍ በመቀስ አነሳችና ከዳር እስከ ዳር ላጠችው። ስልኩን ዳንቴሉ ላይ፣ መስታወቱን ተጠግቶ እንዲቆም አደረገችው። ነጥቧ እንደ ታዛዥ በግ መንገዱን ይዛ ሄደች። ትንሽ እንደሄዱ ግን ስልኩ ፀሐይ በዛብኝ፣ ልጠፋ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

«ጋሽ ዘነበ፣ ባርኔጣዎን!»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«እርስዎ ነዎት የሚያደርጉት። ያራግቡለት!»

ሠርግና ለቅሶ ላይ የክብር ወንበር የማያጡት ጋሽ ዘነበ፣ ሬኮ እስኪገቡ ድረስ ለስልክ አራገቡ። ጋሽ ጎሹ ከኋላ ሆነው «ቀስ ብለህ፣ ብርድ እንዳይመታው» ይሏቸዋል።

ሲደርሱ አቶ መልከጼዴቅ አንድ እግራቸውን ሞተር ሳይክሉ ላይ ሰቅለው አገኟቸው። ድንቅነሽ የግቢውን በር በመኪናዋ ዘግታ ቆመች፤ ሽማግሌዎቹ በመኪናዋ ግራና ቀኝ ወረዱ። መውጫ የለም።

«ማነው ቤቴን ያሳያችሁ?» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃችሁም?»

«አልጠየቅንም» አሉ ጋሽ ጎሹ። «የሴት ልጅ ስም በየመንገዱ አይነሳም።»

አቶ መልከጼዴቅ እግራቸውን አወረዱ። «ግቡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወንበር ሲቀርብላቸው እንደ ወጉ አልተቀመጡም፤ የመጡበትን ጉዳይ ቆመው ተናገሩ። ድንቅነሽ ከደጅ ሆና ጆሮዋን ብታቀናም የምትሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ሔርሜላ በጓሮ በኩል ብቅ ብላ በዓይኗ ጠየቀቻት፤ ድንቅነሽ ትከሻዋን ሰበቀች።

ሲወጡ አባትየው እስከ በር ሸኟቸው። እሺ የሚል ቃል አልተናገሩም፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም።

«በሳምንቱ ተመለሱ» አሉ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉን እየገፉ ወደ ጓዳ አስገቡና በሩን ቆለፉበት።