የአባቴ እንቅልፍ

የሸማኔ መወርወሪያ በድር መሐል ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም በሰው ደጅ ሳልፍ ሲደርሰኝ፣ አንኮበር የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል፤ እንቅልፍም አብሮ ይመጣብኛል። በእንቅልፍ እኔን የሚስተካከል ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን አልነበረም፤ የንጉሡ መድፍ ጆሮዬ ሥር ቢተኮስ ጎኔን ቀይሬ እቀጥል ነበር። የምፎክርበት እንቅልፍ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የአባቴ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ክረምቱ እንደ ገባ፣ ታናሽ እህቴ ብርቄ ማታ ስቃ ተኝታ ጠዋት ሳትነሣ ቀረች። ከዚያ ወዲህ አባዬ መደቤ አጠገብ ተቀምጦ፣ መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሼን ሲያዳምጥ ያነጋ ነበር። ቀን ደግሞ እግሩን ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ሰድዶ ሲሸምን ያንቀላፋ፣ ድሩን ይበጥስ፣ ያበላሸውን ሲፈታ ይውል ነበር።

መስከረም ላይ፣ በምትሰጠው ሥራ እንጀራ የምታበላን የንጉሡ ግቢ እመቤት፣ አባዬ የሸመነላትን ኩታ ዘርግታ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጥበብ ጠጅ ጠጥቷል እንዴ? ይንገዳገዳል እኮ!» አለችው። የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የጥምቀቱን ኩታ ደግሞ ካበላሸ ሥራውን ለሌላ እንደምትሰጥ ነግራው ሄደች።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን እማዬ በቀትር ግድ ብላ አስተኛችው። «ልጁም ይተኛ፣ ሁለታችሁንም እኔ አዳምጣለሁ፤ በሞቴ ተኛ!» አለችው። ተኛ፤ ማንኮራፋቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ ግን እንቅልፉ እምቢ ቢለኝ፣ እማዬን ላስደንግጣት ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። እየጮኸች ስትነቀንቀኝ አባዬ ዘልሎ ተነሣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ዓይኔ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው አለንጋ ላይ ዐረፈና፣ «አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦብኝ ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

አልመታኝም። «አየሽ?» አላት እማዬን፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ለማንም አደራ ሰጥቶኝ አልተኛም። የጥምቀቱም ኩታ ተበላሸ፤ እመቤቲቱም ሥራውን ለሌላ ሰጠች። በልግ ሲገባ ደብረ ብርሃን ወጥተን፣ እጀ ወርቅ ይባል የነበረው አባዬ በሌላ ሸማኔ ቤት ከልጆች ጋር ተቀምጦ ማግ ያጠነጥን ጀመር።

ዛሬ የልጆች አባት ሆኜ እንኳ ራት በልቼ እጄን ሳልታጠብ እወድቃለሁ፤ የልጆቼን ትንፋሽ አንድ ሌሊት አዳምጬ አላውቅም። አባዬ አርጅቶ የታመመ ጊዜ፣ ትንፋሹን ልጠብቅ፣ ያን ቀን መዋሸቴንም ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ሂድ ተኛ፣ ልጄ» አለኝ። «ዛሬስ ተራው የእኔ ነው» አልኩት። ስነቃ ነግቷል፤ መዳፉ ደረቴ ላይ ነበር፣ ቀዝቅዞ። ምንም አልነገርኩትም፤ ተኝቼ ነበር። ማንኮራፋቴ እስከ ጎረቤት ይሰማ እንደ ነበር ኋላ ነገሩኝ።